አበል የሌለው ስልጠና፦ ሀዋሳ ላይ ሴት መምህራንን ለአመራርነት የሚያዘጋጀው ፕሮግራም እንዴት ነው?

ስልጠና አለ ሲባል መምህር መጀመሪያ የሚጠይቀው «አበል አለው?» ብሎ ነው። እኔም ያው ነኝ፣ አልዋሽም። ይሄኛው አበል የለውም። ጭራሽ ከፋይዋ ሰልጣኟ ናት። ወሬው መምህራን ማረፊያ ክፍል ሲደርስ ግማሹ ሰው ሳቀ። አንድ የስፖርት መምህር ሻዩን እያማሰለ «ስልጠናውማ ሞልቷል፣ ወንበሩ ነው የጠፋው» አለኝ። ይሄ ሰው ለቀልድ ብሎ የፕሮግራሙን ትልቁን ጉድለት ተናገረ። ኋላ እመጣበታለሁ።

ለማንኛውም ከፍዬ ገባሁ፣ ጨርሼ ወጣሁ። «ያዋጣል ወይ?» የሚሉኝ ሴት መምህራን ስለበዙ አንዴ ጽፌው ልገላገል። የአዘጋጁን ስም አልጠራም። የምወቅሰው ነገር ስላለ ስም ማጥፋት እንዳይመስልብኝ ነው። ሀዋሳ ውስጥ ትምህርት ሥራ ላይ ያላችሁ ጠያይቃችሁ አታጡትም።

እኔ ታቦር ክፍለ ከተማ ውስጥ ባለ የመንግሥት ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህር ነኝ። ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ነው፣ በፈረቃ የሚሠራ። የሂሳብ መምህርት ነበርኩ፣ አሁንም ሰው ሲጎድል ክፍል እገባለሁ። ፕሮግራሙ እንደኔ ያሉ ምክትሎችንና የትምህርት ክፍል ተጠሪ የሆኑ ሴቶችን ነው የሚቀበለው። ሁለት ነገር አለው። አንደኛው ቅዳሜ ከሰዓት የሚሰጥ የጋራ ስልጠና ነው። ሁለተኛው ለእያንዳንዷ ሰልጣኝ አንድ መካሪ መመደብ። እነሱ «ሜንተር» ይሏታል። መካሪዋ ሴሚስተሩን ሙሉ እየተመላለሰች ቢሮሽ ድረስ ትመጣለች። ቢያንስ ወረቀቱ ላይ እንደዚያ ይላል።

ከአዳራሹ ልጀምር፣ ቶሎ እንዲያልቅ።

ቦታው ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች አንዱ ነው። ከፒያሳ ባጃጅ ይዞ ለመድረስ ቀላል ነው፣ ነፋሱም ደስ ይላል። አሰልጣኙ ከአዲስ አበባ የመጡ ሰው ናቸው። ክፉ አይደሉም፣ ትሁት ናቸው። ግን ስላይዱ በሙሉ እንግሊዝኛ ነው። የመጀመሪያው ቅዳሜ ከሰዓት እንዳለ በአመራር ዓይነቶች አለቀ፦ አምባገነናዊ፣ ዴሞክራሲያዊ፣ ልቅ። ኩርት ሌዊንና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ1939 ያወጡት ክፍፍል ነው። ኮሌጅ ሳለን ተፈትነንበታል። አጠገቤ የተቀመጠች ከቱላ የመጣች መምህርት ጠጋ ብላ «ይሄንን ያኔ በነፃ ነው የሸመደድኩት» አለችኝ። ሳቄን ለመደበቅ ጎንበስ አልኩ።

ቀጥሎ «አርአያ የሆኑ ሴት መሪዎች» የሚል ስላይድ መጣ። ሁሉም የውጭ አገር ጠቅላይ ሚኒስትሮች ናቸው። ከኋላ ወንበር አንዲት ነጠላ የለበሱ እናት እጃቸውን አወጡ። «ስንዱ ገብሩስ?» አሉ። እቴጌ መነን ትምህርት ቤትን የመሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1957 ደግሞ ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት መሆናቸውን በሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገሩ። «ወይዘሮ ገነት ዘውዴስ? ከአስር ዓመት በላይ የትምህርት ሚኒስትር ነበሩ። የ1986ቱ ፖሊሲ የወጣው በማን ጊዜ ነው?» አሰልጣኙ ፈገግ ብለው «በጣም ጥሩ ሀሳብ ነው» አሉና ወደሚቀጥለው ስላይድ አለፉ።

እኚያ እናት ከመካሪዎቹ አንዷ ነበሩ። ዝርዝሩ ሲነበብ ለኔ የደረሱኝ እሳቸው ሆኑ። ዕጣ ነው። ከዚህ በኋላ የምጽፈው መልካም ነገር አብዛኛው የሳቸው እንጂ የድርጅቱ አይደለም፣ ይሄ ይታወቅልኝ።

ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር ናቸው። በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ገና ልጅ ሆነው ነው ሰሌዳ ፊት የቆሙት። እኔ «እትዬ» እላቸዋለሁ፣ እሳቸው «የኔ ልጅ» ይሉኛል። ሲቆጡ ግን «ምክትሏ!» ነው የሚሉኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። አዲስ መምህር ሲቀጠር የሁለት ዓመት የትውውቅ ጊዜ አለው። አንጋፋ መምህር ይመደብለታል፣ አብሮት ዕቅድ ያያል፣ ክፍል ገብቶ ይታዘበዋል። ከዚያም በኋላ በየዓመቱ 60 ሰዓት ተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ አለ፣ ያው «ተሙማ» የምንለው። እኔ ምክትል ስሆን የተሰጠኝ የቢሮ ቁልፍ ነው። ቁልፉንም ያስረከበኝ ጥበቃው ነው። በጀት እንዴት እንደሚነበብ፣ የተጣላ መምህር እንዴት እንደሚሸመገል፣ ወላጅ ቢሮ ገብቶ ሲጮህ ምን እንደሚባል ማንም አልነገረኝም። ወንዶቹስ ማን ነገራቸው ትሉኝ ይሆናል። እነሱ ከሥራ በኋላ ርዕሰ መምህሩ ጋር ቡና ይጠጣሉ። አንዳንዴ ድራፍትም አለ። ሥራው እዚያ ነው የሚወራው። በዚያ ሰዓት እኔ ልጅ ለማንሳት እየሮጥኩ ነው።

እትዬ ቢሮዬ የመጡ ዕለት ወንበር ሳይስቡ «እስቲ የቃለ ጉባኤ መዝገቡን አምጪው» አሉ። እኔ ያዘጋጀሁት ሌላ ነው። ዕቅድ አትሜ፣ ግድግዳው ላይ የውጤት ሰንጠረዥ ለጥፌ ነበር። ዞር ብለውም አላዩት። መነጽራቸውን አውጥተው መዝገቡን ከኋላ ወደ ፊት መግለጥ ጀመሩ። በጣታቸው መስመር መስመሩን እየተከተሉ ያነባሉ። «እዚህ ጋ ‹አቶ እከሌ እንደገለጹት› ይላል። እዚህ ‹የሳይንስ ክፍል ተጠሪው እንዳሳሰቡት› ይላል። አንቺ የታለሽ?»

ስሜ አለ። ገጹ ግርጌ ላይ፣ «ቃለ ጉባኤ ያዥ» ከሚለው ጎን፣ ከነፊርማዬ። የሚቀጥለው ገጽ ላይም እዚያው ነኝ። ከዚያ የሚቀጥለውም ላይ።

«ስብሰባው ላይ ዝም ነው የምትዪው?» አሉኝ።

«ኧረ እናገራለሁ። የፈረቃ ለውጡን ያነሳሁት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን አልጻፍሽውም?»

«የራሴን ስም እንዴት አድርጌ ልጻፍ እትዬ? ያስቃል።»

መዝገቡን ዘጉት። «ሌላ ሰው ይጻፈው እንግዲህ» አሉ።

ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ግን አስቡት። አንድ ኃላፊ ወይም ሱፐርቫይዘር መጥቶ ትምህርት ቤቱን ሲያይ የሚያነበው ያንን መዝገብ ነው። በዚያ መዝገብ መሠረት እኔ ጥሩ የእጅ ጽሑፍ ያላት ሰው ነኝ። ደግሞም እየጻፉ መከራከር አይቻልም። ቀና ስትዪ ውይይቱ አልፏል።

አቀራረቡን አብረን አሰብንበት። በቅሬታ መልክ አይቅረብ አሉ። «‹ሴት ስለሆንኩ ነው የምታስጽፉኝ› ብለሽ ከጀመርሽ ስብሰባው ስለ አንቺ ጠባይ ይሆናል።» በአጀንዳ አስገባሁት፦ የቃለ ጉባኤ ጸሐፊነት በየወሩ በትምህርት ክፍል ተጠሪዎች ተራ ይሁን። ርዕሰ መምህሩ ሳይከራከር አጸደቀው። የመጀመሪያው ተራ የደረሰው ለዚያው ለስፖርት መምህር ነው። እስካሁን ያማርራል።

ሌላው የገንዘብ ነገር ነው። የትምህርት ቤት ድጎማ ሲመጣ ግዢው፣ ንብረቱ፣ ሰነዱ ወደ ወንዶቹ ነው የሚሄደው። ለኔ የሚደርሰው የመስተንግዶ ኮሚቴ ነው። የወላጆች በዓል ሲሆን ለስላሳው ስንት ሳጥን ይሁን የሚለውን እኔ እወስናለሁ። እትዬ በዚህ ይበሳጫሉ። «ርዕሰ መምህር ከወንበሩ የሚወርደው በማስተማር አይደለም፣ በኦዲት ነው» ይሉኛል። እናም አስቀምጠው እንደ ተማሪ አስተማሩኝ። ሦስቱ ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ሲመጣ መጀመሪያ ቀኑንና ማህተሙን እይ። ዕቃው ንብረት ክፍል ሲገባ ሞዴል 19 የሚባለው የገቢ ደረሰኝ ይቆረጥ። ሲወጣ የወጪው፣ ሞዴል 22። ያልተቆረጠለት ዕቃ ካለ አትፈርሚ፣ «ነገ ይቆረጣል» ቢሉሽም አትፈርሚ። አንድ ከሰዓት የድሮ ሰነድ አውጥተን የጎደለውን ፈልጊ አሉኝ። አቧራ ለብሰን ነው የወጣነው። ከየትኛውም ቅዳሜ ይልቅ ያን ዕለት ተምሬያለሁ። ሂሳብ አስተማሪ ሆኜ ከቁጥር እንድርቅ መደረጌ ደግሞ አሁን ሳስበው ያናድደኛል።

ስለ ልዩ ድጋፍም አውርተናል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ላይ ያለው ነው፣ ቀድሞ ለደረሰብን አድልዎ ማካካሻ። በውድድር ላይ ለሴት የሚጨመረው ነጥብ መነሻው እሱ ነው። መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ «በነጥብ ገባች» ይባላል፣ ሁላችንም እንሰማዋለን። አንዳንድ ሴቶች ይሄን ስለሚፈሩ ሳይወዳደሩ ይቀራሉ። እትዬ ስለዚህ ረጅም ንግግር አላደረጉም። «የሚያወሩት ብትገቢም ባትገቢም ነው። ብትገቢ ይሻላል፣ ደሞዙ አለ» ብለው ሳቁ።

አሁን ወደ ጉድለቱ።

መካሪ ሁሉ እንደ እትዬ አይደለም። የቱላዋ ጓደኛዬ የደረሰቻት ሴት ትምህርት ቤት ውስጥ ሠርታ አታውቅም። የፕሮጀክት ሰው ናት። ጥሩ ሰው ነች፣ ትደውልላታለች፣ «አይዞሽ፣ በራስሽ ተማመኚ» ትላታለች። ጓደኛዬ ግን በራሷ መተማመን አልጎደላትም። የጎደላት ሁለት መምህራን ክፍለ ጊዜ እየዘለሉ ሲያስቸግሯት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ በምን ቅደም ተከተል እንደሚጻፍ የሚነግራት ሰው ነው። ሴሚስተሩ ሙሉ ቢሮዋ የረገጠ ሰው የለም። ያው እኩል ነው የከፈልነው።

ቋንቋውም ሌላ ችግር ነው። ሲዳማ ከ2012 ጀምሮ ክልል ነው። ከተማው ዳርና ገጠሩ አካባቢ ባሉ ትምህርት ቤቶች የወላጅ ስብሰባ የሚመራው በሲዳምኛ ነው። ስልጠናው ላይ «የተቆጣ ወላጅን ማስተናገድ» የሚል የትወና ልምምድ ነበር፣ በአማርኛ። አንዷ ተሳታፊ «እኔ ጋ የሚመጣ ወላጅ እንዲህ አይናገርም» ብላ ተቀመጠች። እትዬ ከኋላ ሆነው በሲዳምኛ እንደ ወላጅ ጮኹባት። ያኔ ነው ልጅቷ የነቃችው፣ ምን የመሰለ መልስ ሰጠች! አዳራሹ አጨበጨበ። አሰልጣኙ ግን ምን እንደተባለ አልገባቸውም። ከአዲስ አበባ ድረስ ሰው ከማስመጣት እዚሁ ያሉትን ጡረተኞች መድረኩ ላይ ቢያወጡ ወጪውም ይቀንስ ነበር።

ልጅስ? ሴቶችን ለማብቃት የተሰናዳ ፕሮግራም ልጅ የሚቆይበት አንድ ክፍል አላሰበም። አንዲት ሰልጣኝ ጡት የሚጠባ ልጅ ይዛ ነበር የምትመጣው። ልጁ ሲያለቅስ ኮሪደር ትወጣለች። ግማሹን ስልጠና ኮሪደር ላይ ነው ያሳለፈችው። የሚገርመው ያኔ ስላይዱ ላይ የነበረው የወሊድ ፈቃድ ነው፦ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን። ተመልሳ ገብታ «ፈቃዱን ማን ከለከለን? ስንመለስ ወንበራችን ላይ ሰው ተቀምጦ ብናገኝስ?» አለች። እስካሁን ድረስ መልስ አልተሰጣትም።

የስፖርት መምህሩ ያለው ነገር እዚህ ጋ ነው የሚመጣው። ፕሮግራሙ እኛን ያሰለጥናል፣ ያነቃቃል፣ ሰርተፍኬት ይሰጣል። ሹመት የሚሰጡትን ኃላፊዎች ግን አያናግርም። በመክፈቻው ላይ አንድ ኃላፊ መጥተው ንግግር አደረጉ፣ ፎቶ ተነሱ፣ ሻይ ሳይቀርብ ሄዱ። ከዚያ ወዲያ አላየናቸውም። አንድ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ሲጎድለው ማስታወቂያ ሳይለጠፍ በፊት «ማንን እናድርግ?» የሚባልበት ወሬ አለ። በዚያ ወሬ ውስጥ የሴት ስም የሚያነሳ ሰው ከሌለ የኔ ሰርተፍኬት ፋይል ውስጥ ተኝቶ ይቀራል።

እትዬ ይሄን ያውቃሉ። ውላቸው ውስጥ የሌለ ሥራ ሠሩልኝ። ስልካቸውን አንስተው ድሮ አብረዋቸው ለሠሩ ሰዎች ደወሉ። እኔ እዚያው ቁጭ ብያለሁ። «አንዲት ምክትል አለች፣ ሰነድ ታውቃለች፣ የጉድኝት ማዕከሉ የሱፐርቪዥን ቡድን ውስጥ ለምን አታስገቧትም?» አሉ። ስሜን ሁለቴ ጠሩት። ቡድኑ ውስጥ ገባሁ። የጉድኝት ማዕከል ማለት ተቀራራቢ ትምህርት ቤቶች የሚቧደኑበት ነው። አሁን ሌሎች ትምህርት ቤቶች ሄጄ አያለሁ፣ ሌሎች ርዕሳነ መምህራን ያውቁኛል። ርዕሰ መምህር አልሆንኩም። ቦታም ገና አልወጣም። ሲወጣ ግን የማያውቁኝ ሰዎች ፊት አይደለም የምቀርበው። አዘጋጆቹ ይሄን ስልክ የመካሪዎች ሁሉ ግዴታ ቢያደርጉት የቀረውን ስላይድ ሁሉ እምርላቸዋለሁ።

የቴሌግራም ግሩፕም ተከፍቶልናል። «ልምድ መለዋወጫ» ነው ስሙ። ስልጠናው ከተዘጋ ወዲህ የተለዋወጥነው «እንኳን አደረሳችሁ» የሚል ፎቶ ብቻ ነው። ለገና፣ ለጥምቀት፣ ለፋሲካ፣ ለኢድ፣ ለፊቼ ጨምበላላ። ምንም አልልም፣ በዓል ነው። አንዴ ብቻ አንዷ «የሥራ አፈጻጸም መሙያ ቅጽ ያላችሁ» ብላ ጠየቀች። ሦስት ሰው አበባ ላከላት።

ዋጋውን ትጠይቁኛላችሁ። እጄ ላይ ከሚደርሰኝ የአንድ ወር ደሞዝ ሩብ ገደማ ነው። ደረሰኝ ይሰጣሉ። ሻይና ብስኩት አለ፣ ምሳ የለም። የሆቴሉ ምሳ ስለሚወደድ ስልጠናው ሳይጀመር አሞራ ገደል ወርደን ዓሣ እንበላ ነበር። ጥብሱንም ጉላሹንም ለአራት ተካፍለን። ከልቤ ነው የምላችሁ፣ ከቅዳሜዎቹ የማስታውሰው ቁም ነገር ግማሹ እዚያ የተወራው ነው። የትኛው ትምህርት ቤት እንዴት መምህር እንደሚደለድል፣ ማን ምን ብሎ ተርፎ እንደወጣ።

ኮከብ ስጪ ካላችሁኝ ለአዳራሹ ሁለት፣ ለእትዬ አምስት። ለድርጅቱ የትኛውን እንደምሰጥ አላወቅኩም፣ እትዬን ያገኙልኝ እነሱ ናቸውና። ገና ማስተማር ለጀመረች ልጅ አልመክረውም። ሰነድና ስብሰባ ውስጥ ያልገባች ሰው መካሪዋ ብትመጣላትም የምታሳያት መዝገብ የላትም። ለደረጃ ዕድገት ሰርተፍኬት ፈልጋችሁ ከሆነም ሌላ ርካሽ አለ። ምክትል ሆናችሁ ቢሮ ውስጥ ብቻችሁን የተቀመጣችሁ ግን ሂዱ።

ስትመዘገቡ ቅጹ ጀርባ ላይ «የሜንተር ምርጫ» የሚል መስመር አለ። ብዙ ሰው ባዶ ይተወዋል። «በርዕሰ መምህርነት የሠራች፣ ሲዳምኛ የምትችል፣ ትምህርት ቤቴ ድረስ የምትመጣ» ብላችሁ ጻፉበት፣ ስታስረክቡም አስፈርሙበት። ምዝገባው መስከረም ውስጥ ነው። ክፍያውን ለሁለት ከፍሎ መክፈል ይቻላል፣ ካልጠየቃችሁ ግን አይነግሯችሁም።